የማይቀዘቅዘው ሳህን

የዘርማት ቤተ መንግሥት ደወሎች ማንም ሳይነካቸው የጮኹ ዕለት የፈዋሾቹ ሳህን ተሰረቀ። በቃ፣ መዓቱ የጀመረው ያኔ ነው።

ዘርማት ውስጥ ፈዋሽ መሆን ቀልድ አይደለም። በሽተኛውን ስትነኪው ህመሙ ወደ አንቺ ይገባል። ለዚህ ነው ፈዋሾቹ ሥራ ሲጨርሱ እጃቸውን ሳህኑ ውስጥ ነክረው «የእኔ ያልሆነውን ውሰድልኝ» ብለው የሚጸልዩት። ህመሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። አሁን ግን ሳህን የለም! ናሊማ ገና ጀማሪ ፈዋሽ ናት፤ እህቷ ታሚር ግን የስንቱን ህመም ተሸክማ ጣቶቿ ተጨብጠው ቀሩ፤ መተንፈስም ከበዳት።

«እሜቴ፣ እህቴ እየሞተች ነው!» አለች ናሊማ፣ ለፈዋሾቹ አለቃ ለእሜቴ ዘራይት።

«እውነተኛ ፈዋሽ ይችለዋል» አሉ እሜቴ። «መቻል ነው ጸሎታችን።»

«አይደለም! በታሚር ነፍስ እምላለሁ፣ ሳህኑን ሳልይዝ አልመለስም!»

ዘበኛው ጎዳር ጎራዴውን ይዞ ተከተላት። «ጓርዳ ናት የወሰደችው፣ ባለ ድንጋይ ክንፏ አውሬ። ወደ ቁዝም ተራራ ስትበር አይቻታለሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«ቤት ታክላለች እኮ! ምን ልበላት፣ ይቅርታ እመቤት?»

በረዶውንና የሚያለቅሰውን ገደል አልፈው ዋሻው ደረሱ። ጓርዳ ሳህኑ ላይ ተጠምጥማለች፤ ሳህኑ ውስጥ እንቁላል አለ። ጎዳር ጎራዴውን መዘዘ።

«ቆይ!» አለችው ናሊማ።

«እኔ ድንጋይ ነኝ፣ ማሞቅ አልችልም» አለች ጓርዳ። «ይህ ሳህን ግን የስንት ፈዋሽ እጅ ሙቀት አለበት። ከወሰድሽው ልጄ ይሞታል።»

«ካልወሰድኩት እህቴ ትሞታለች።»

«እንግዲያው የእጅሽን ሙቀት ስጪኝ። ላይመለስ።»

«ናሊ፣ እንዳትሞክሪው! ሁለተኛ አትፈውሺም!» ጮኸ ጎዳር።

ናሊማ እንቁላሉን በሁለት እጇ አቀፈችው። ሙቀቷ ከጣቶቿ ሲወጣ አለቀሰች፤ ግን አልለቀቀችም። ቅርፊቱ ተሰነጠቀና ትንሽዬ ክንፍ ብቅ አለች።

ታሚር እጇን ሳህኑ ውስጥ የነከረች ቀን ጣቶቿ አንድ በአንድ ተዘረጉ።

እሜቴ ዘራይት የናሊማን በረዶ እጅ ነካ አደረጉ። «ፈዋሽ አይደለሽም እኮ አሁን። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሳህኑን እይዛለሁ። ይምጡ፣ ተራዎ ነው።»

«በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቅ። ይቀመጡ!»

እሜቴ ተቀመጡ። እጃቸውን ወደ ሳህኑ ዘረጉ። ነከሩት፤ ከንፈራቸው ግን አልተላቀቀም። ጸሎቱን ከረሱት ቆይተዋል።

«ከእኔ ጋር ይበሉ፣ እሜቴ» አለች ናሊማ። «የእኔ ያልሆነውን...»