ለድንገተኛ እንግዳ የተነጠፈ አልጋ

ወጣቱ ተቆጣጣሪ ከአልጋው ወርዶ በሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቱም ዝግ። ገላው ላይ አንዲት ጭረት የለችም። ወደ እርሻው የመጣው ባቄላው እውነት ኬሚካል ያልነካው ኦርጋኒክ መሆኑን ሊያጣራ ነበር።

ሬሳው ዙሪያ የቆመው ሁሉ ወደ ሟቹ ሲያይ፣ አጎቱ ብቻ አዲሱን አንሶላ አይቶ ፊቱን አዞረ። ለእርሻዎች የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ ኃላፊ እሱ ነው፤ የእህቱን ልጅ ቀጥሮ ያሠለጠነውም እሱ። እህቱ መርዶውን ሰምታ ማለዳ ደውላ «ልጄን አደራ ብዬህ አልነበር?» ብላዋለች። ትናንት ራሱ የደወለው አንድ ስልክም ከሐሳቡ አልወጣ ብሏል።

መርማሪዋ ደርሳ ከክፍሉ በር ላይ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ የእርሻው እንግዳ ማረፊያ ጠባቂ ግን ቀድማ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ምግቡን የሠራችው እሷ ናት፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅም «ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ጠቁሟታል። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ግርዱን ለይታ ሳታስቀር ከቦታው አትነሳም።

«እትዬ፣ ምን አበላሽው?» አለቻት ሴትዮዋን።

«ሽሮ። ከዚያው ድስት እኔም በልቻለሁ። መርዝ ቢሆን ኖሮ፣ የኔ እህት፣ አሁን የምታዋሪኝ በጸሎት ነበር።»

«ነጭ ሽንኩርት ነበረው? ክፍሉ በር ላይ ሸተተኝ።»

«ሲያልፍም አልነካው። ሥራ አስኪያጁ ሽታውን አይወድም።»

«ክፍሉንስ ያጸዳሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኛ። ትናንት ጠዋት ‹እጠቢ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፊ› ተባልኩ። ልጁ ሲደርስ ወለሉ ገና እርጥብ ነበር።»

ኃላፊው ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሴትዮዋ ከመኪናው ትወርድ ነበር። ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ዝቅ አደረገ።

ቀጥሎ የመጋዘኑ ሠራተኛ መጣ። ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቷል።

«ጆንያውን ሁሉ ካልፈታሁ አለ» አለ ሠራተኛው። «እኔም ‹እናትህ ምስር ስትለቅም ነው እንዴ የወለደችህ?› ብዬ ተረብኩት። ሳቀ። ኋላ ግን እህሉን እየደጋገመ ያገላብጥ ጀመር። አንድም ነቀዝ ስላላገኘ ገረመው መሰለኝ። ነገ ደግሜ አየዋለሁ ብሎ እዚሁ አደረ።»

«ጠዋት በሩን የሰበረው ማን ነው?»

«እኔና ሥራ አስኪያጁ ነን። ከዚያ ‹ውጣ፣ ፖሊስ ጥራ› ብሎኝ እሱ ከሬሳው ጋር ቀረ።»

መርማሪዋ ተንበርክካ አልጋው ሥር አየች። ጀርባቸው ላይ የተጋደሙ በረሮዎች፣ ትንሽ ግራጫ አመድ። አሸተተች። ነጭ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ሁሉንም የእርሻው ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ የእርሻው የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት እንደ ሙሽራ ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል።

«ከነቀዙ እንጀምር» አለች። «መጋዘን ሙሉ ባቄላ ነቀዝ ከሌለው ወይ ተአምር ነው፣ ወይ የነቀዝ ክኒን ተጥሎበታል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ሽታው እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሲያልቅም ግራጫ አመድ ይተዋል። አመዱ አልጋው ሥር አለ፣ ክኒኑ የነበረበት ቆርቆሮ ግን ጠፍቷል። ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ። «ልገድለው ብዬ አይደለም። ተቆጣጣሪ ሁሉን ይበረብራል፣ የሚተኛበትን አልጋ ግን አይበረብርም። ክኒኑን ሁሌም እዚያ ሥር ነው የምንደብቀው። የድሮዎቹ ምሳ በልተው፣ ትንሽ ጋደም ብለው፣ ፈርመው ይሄዱ ነበር። ትናንት በጥድፊያ የቆርቆሮውን ክዳን ሳልገጥም እርጥቡ ወለል ላይ ገፋሁት።»

«አድራለሁ ሲል ‹እዚያ አትተኛ› አይሉትም ነበር?»

«‹ለምን?› ይለኝ ነበር» አለ፤ ዓይኑም ወደ መስታወቱ ሄደ።

«ለዚያ ወረቀት ዝም አሉ።» ወንፊት ፊቷን ወደ ሌሎቹ መለሰች። «አንድ ነገር ቀረ። ሳይነገር ገብቶ መቆጣጠር የሚለውን አዲስ አሠራር ያመጣው ሟቹ ራሱ ነው። ታዲያ ለድንገተኛ እንግዳ ጠዋት አንሶላ የተነጠፈው እንዴት ነው? የሚናገር ከሌለ፣ ወሬውን ያመጣችው እትዬ ናት ብዬ ልጽፍ ነው።»

«እኔ?» አለች ሴትዮዋ። «እኔ የምደውልበት ስልክ እንኳ የለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወለል ወለሉን አየ። ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሳይነግሩ ሰው ደጅ መግባት ነውር መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እየደወልኩ ነው የሄድኩት። ‹የእህቴ ልጅ ይመጣል፣ ደኅና አርጋችሁ ተቀበሉት› አልኩ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«አውቄ ነበር፣ ጋሼ» አለች ወንፊት ቀስ ብላ። «ሰው ሁሉ ሬሳውን ሲያይ እርስዎ ያዩት አንሶላውን ነው። ግን ከአፍዎ እንዲወጣ ፈለግሁ።»

ሴትዮዋ ሻርፕዋን አስተካክላ አጠገቡ ስትደርስ ቆም አለች። «መኪናው ውስጥ ስቀመጥ እያዩኝ ነበር» ብላው ወጣች። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ቃሉን ሰጥቶ ሲፈርም ወንፊት ስልኩን ገፋ አደረገችለት። «ይህንን ለእህትዎ ይንገሯት። ልደውልልዎ?»

ኃላፊው ስልኩን አይቶ ባርኔጣውን አነሳ።

«የለም» አለ። «ሳልደውል ነው የምሄደው።»