እማን ሊያመጣ የነበረው አውሮፕላን

«ማንም አላየህም አይደል?» አለች ሊሚ።

አባቷ ጉዲና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ክር እየፈታ ነበር። ቀና ሳይል «ማንም አላየኝም» አላት።

«ታዲያ ለምን ተናገርክ?»

ጉዲና ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን የሚያወጣውን መኪና ነው የሚነዳው። እስከ አምና ድረስ የሚሠራው ለአንድ አየር መንገድ ብቻ ነበር። ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ ከአንድ የውጭ አየር መንገድ ጋር ተስማማና የሁለቱንም አውሮፕላኖች እነጉዲና ያስተናግዱ ጀመር። ሥልጠናም ወሰዱ። አውሮፕላኑ የማንም ይሁን የማን፣ የነካው ሰው ወዲያው ያሳውቃል፤ ሪፖርቱ ለሁለቱም ይደርሳል፤ አውሮፕላኑም ሳይመረመር አይነሳም።

ሰኞ ጠዋት ጉዲና መኪናውን ሲያስጠጋ ጫፉ የአውሮፕላኑን ሆድ ነካው። አውሮፕላኑ ዱባይ ደርሶ የሚመለስ ነበር። ሲመለስ ደግሞ የሊሚን እናት ዓለምነሽን ይዞ ነበር የሚመጣው። ጉዲና ይህንን እያወቀ ነው ወደ አለቃው የሄደው።

«የእናንተ አውሮፕላን እንኳ አይደለም» አለች ሊሚ።

«አሁን የእኛ የእነሱ የሚባል ነገር የለም።» ጫማውን አወለቀ። «ጭረት አላየሁበትም። ግን ሲነካ ድምፁን ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ማታ እናትሽ ነበረች ውስጡ የምትቀመጠው።»

«መርምረው ምንም አላገኙም እኮ!»

«አላገኙም፤ ተመስገን።»

ሊሚን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይሄ «ተመስገን» ነው። ገብታ በሩን ዘጋችው።

ውስጥ፣ ለእናቷ ያነጠፈችው አልጋ እንዳለ ነበር። ዓለምነሽ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠብ ስትጀምር ሊሚ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ አሁን ዘጠነኛ ናት። እናቷን በስልክ የምታያት ከአንገት በላይ ብቻ ነው። ፊቷን፣ ሳቋን፣ ፀጉሯን አዲስ የተሠራች ቀን እንኳ ታውቃለች። ቁመቷን ግን ረስታዋለች። ኤርፖርት ስትቀበላት አጠገቧ ቆማ ማን እንደሚበልጥ ልታይ አስባ ነበር። ሰኞ ግን ምርመራው ስለቆየ በረራው ተሰረዘና ዓለምነሽ ከዱባይ ኤርፖርት ሻንጣዋን ይዛ «ቴክኒካል ችግር» ተብላ ተመለሰች። ሌላ በረራ እስኪገኝላት ድረስ ሆቴሉ የእረፍት ፈቃዷን ለሌላ ሠራተኛ ሰጠባት። ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት፣ አሏት።

በማግስቱ ሊሚ ከትምህርት ቤት ወጥታ ዊንጌት ጋ ታክሲ እየጠበቀች ሁሉንም ለጓደኛዋ ለኪያ ነገረቻት።

«ምንም ላይገኝበት?» አለች ኪያ። «በቃ፣ ፋዘርሽ አካብደዋል።»

ሊሚ ራሷ ከዚህ የባሰ ስታስብ ነው ያደረችው። ከሰው አፍ ስትሰማው ግን አልተዋጠላትም።

«አላካበደም» አለች።

«እንዴ፣ አሁን አንቺ አይደለሽ…»

«እኔ እናቴ ስለናፈቀችኝ ነው።»

ታክሲው መጣና ወሬው በዚያው ተቋረጠ።

ቁስቋም ከታክሲው ወርዳ ዳገቱን ወጥታ ቤት ስትደርስ ጉዲና ግቢ ውስጥ አጥር እየጠገነ ነበር። እንደገና ሠልጥኖ እስኪያልፍ ድረስ መኪናውን እንዳይነዳ ተነግሮታል። ሰላም ብላው ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ስልኳ ጠራ።

«አባትሽ ስልክ አያነሳም» አለች ዓለምነሽ። ድምፅዋ ሻክሯል። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አንድ ሰው ነው አሉኝ አውሮፕላኑን ያስቆመው። እዚያው አዲስ አበባ ያለ ሠራተኛ። ምንም ሳይኖር!» ሲከፋት እንደምታደርገው ወደ ኦሮምኛ ቀየረች። አልጋ ላይ ተኝታ የሊሚን ፎቶ እያየች እንደምታድር፣ ሻንጣውን እስካሁን ለመክፈት እንዳልቻለች ነገረቻት። «አባትሽ እዚያ እየሠራ ማን እንደሆነ አልሰማም?»

ውጪ የመዶሻው ድምፅ ቆሟል። በሩ ክፍት ነው። ጉዲና ምስማር በእጁ እንደያዘ ሊሚን ያያታል። ንገሪያትም አትንገሪያትም የሚል ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም።

አላውቅም ልትላት ትችል ነበር። አባ ነው ብላ ስልኩን አልጋው ላይ መጣልም ትችል ነበር፤ ትናንት ቢሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

«እማ፣ ቆይ፤ እንዳትዘጊ» አለች።

ወጥታ አባቷ አጠገብ የተከመረው እንጨት ላይ ተቀመጠች።

«እማ ናት።»

«ምን አልሻት?»

«ምንም አላልኳትም። አንተ ንገራት። እኔ የትም አልሄድም።»

ጉዲና እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ስልኩን ተቀብሎ ጎኗ ተቀመጠ። «ዓለም» አለ። «ሰኞ ጠዋት…» ብሎ ጀመረና ስልኩን ለሊሚ ዘረጋላት።

«እሺ፣ ሰኞ ጠዋት ምን?» አለች ዓለምነሽ ከስልኩ ውስጥ።

ሊሚ ስልኩን አልተቀበለችውም። ጠጋ ብላ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አሳረፈችና እስኪናገር ጠበቀችው።