ከጥቁሩ መስመር ሥር

ሰነዱ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ።

«ደግሞ ምን አለ?» አለች ምዊላ፣ ወንበሯን ወደ ጓደኛዋ ካሱባ እያስጠጋች።

«አሥራ አራት ሜጋባይት ነው ይላል። ከአሥር መብለጥ የለበትም።»

«አቦ፣ እነዚህ ሰዎች ማንበብ ካልፈለጉ ለምን አይነግሩንም?»

ካሱባ የስክሪኑን ሰዓት አየች። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፏል። ዋና ከተማ ያለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰነድ መቀበሉን የሚያቆመው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። የካሎንጎ ሰፈር መብራት ግን በፈረቃው መሠረት በዘጠኝ ይጠፋል። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ደግሞ ጄኔሬተር የለውም።

የመዳብ ማውጫው አሲድ ያለበት ቆሻሻ ውኃ የሚጠራቀምበት ግድብ የተደረመሰው ከአራት ወር በፊት ነበር። አሲዱ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፤ የካሱባ እናት ጓሮ የተከለችው ጎመንና በቆሎ በሁለት ቀን ውስጥ እሳት እንደገባበት ሆነ። የማውጫው ኩባንያ «ድንገተኛ አደጋ ነው» አለ። የሰፈሩ ሰዎች ግን ድንገተኛ እንዳልነበር የሚያውቁ ምስክሮች ነበሯቸው።

መጀመሪያ ጡረተኛዋ ነርስ ሲስተር ንጎሳ የአሥራ ሁለት ሰዎችን ምስክርነት በእጅ አስጽፈው፣ በስልክ ፎቶ አንስተው ላኩ። መሥሪያ ቤቱ በሁለት መስመር ደብዳቤ መለሰው። ፎቶ አይቀበልም፤ ገምጋሚዎች ቃል በቃል ፈልገው የሚያገኙት ጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሁሉም በአንድ ፋይል፣ ማውጫ ያለው፣ ገጹ የተቆጠረ፣ አባሪው ሁሉ ስም የተሰጠው። ሲስተር ንጎሳ ወረቀቱን ታቅፈው ትምህርት ቤት መጡና «ቶሎ የሚጽፍልኝ ልጅ ማን ነው?» ሲሉ መምህሩ ካሱባን ጠቆሙ። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ስትጽፍ ከረመች።

«የአባቴ ስምስ?» አለች ምዊላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

ሰፈሩ በአክብሮት «ባ ካንግዋ» የሚላቸው የምዊላ አባት የግድቡ ጠባቂ ናቸው። ምስክርነታቸው ከሁሉም የከበደ ነው። ግድግዳው መሰንጠቁን ከሁለት ሳምንት በፊት ለአለቃቸው ነግረው ነበር። በዚያች ሌሊት ውኃው ሲወጣ ደግሞ የማስጠንቀቂያውን ሳይረን እንዳይነኩ ታዘዋል። ይህን የተናገሩት ስማቸው እንደማይወጣ ሲስተር ንጎሳ ቃል ከገቡላቸው በኋላ ነው።

«ነይ እዪው» አለቻት ካሱባ። ገጽ አሥራ ሰባትን ከፈተች። እንደ ሌሎቹ ምስክሮች፣ ስሙ በነበረበት ቦታ ሁሉ ጥቁር መስመር ተጋድሟል። እስኪሰፋ ድረስ አጎላችው። ጥቁር ብቻ ነው።

ምዊላ ጥቁሩን በጣቷ ነካችው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እንኳን ኩባንያው እኔም ላነበው አልችልም። አታካብጂ።»

ካሱባ የተቃጠለውን በቆሎ ፎቶዎች አሳነሰች። ፋይሉ ወደ ዘጠኝ ወረደ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲል ላከችው፤ የመቀበያ ቁጥርም መጣ። ሲስተር ንጎሳ ቀደም ብለው ሰነዱን ገጽ በገጽ አይተው፣ መጨረሻው ላይ «አጣርቻለሁ» ብለው ስማቸውን አስገብተው ነበር። ከተላከ በኋላ ሲስተር ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ትኩስ ቪቱምቡዋ፣ በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ድቡልቡል፣ ገዙላቸውና ሁለቱ ልጆች ዘይቱ በጣታቸው እየወረደ ቆመው በሉ። ካሱባ በዚያን ቀን ራሷን ትልቅ ሰው አድርጋ ቆጥራ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መሥሪያ ቤቱ የደረሱትን ሰነዶች ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥባቸው ድረ ገጹ ላይ አወጣ። በአራተኛው ቀን ባ ካንግዋ ወደ ኩባንያው ቢሮ ተጠሩ። ጠረጴዛው ላይ የራሳቸው ቃል በወረቀት ታትሞ ተቀምጦ ነበር። ከላዩ ሙሉ ስማቸው አለ። ከሥራ መባረራቸውን ከመንገር ሌላ ያናገራቸው ሰው አልነበረም። ቤቱም የኩባንያው ስለሆነ እስከ ቅዳሜ እንዲለቁ ተነገራቸው።

«ሉፑፓ ነው» አለች ምዊላ በማግሥቱ። ዓይኗ አብጧል። «ወረቀቱን ቤት ለቤት የሰበሰበው እሱ ነው። ስሙን ሁሉ ያውቃል። ሸጠን።»

ካሱባም አመነች። ሰፈሩ ሁሉ ያለው ይህንኑ ነበር። ባ ሉፑፓ ገበያ ዳር ከሰል የሚሸጡ፣ አቤቱታውን ያስተባበረው የሰፈሩ ኮሚቴ አባል የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሳይሞላ ሰው ከሰላቸውን መግዛት ተወ። አንዱ ባልዲ ሙሉ ውኃ ከሰሉ ላይ ደፍቶበት ሄደ። ካሱባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባ ሉፑፓ የራሰውን ከሰል አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ እየዘረጉ ነበር።

«ደህና ዋልሽ ልጄ?» አሏት።

ካሱባ ፊቷን አዙራ አለፈች።

ሐሙስ ዕለት ምዊላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ረቡዕ ማታ ግን «ለአባቴ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ» ብላ ለምናት ነበር። ካሱባ በእረፍት ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ገባችና ድረ ገጹ ላይ ያለውን ሰነድ ከፈተች። የባ ካንግዋን ቃል እንደገና መጻፍ ስላልፈለገች አንቀጹን በሙሉ መርጣ ቀዳችው፤ ባዶው ደብዳቤ ላይም ለጠፈችው።

«እኔ ካንግዋ ምዋንሳ፣ የግድቡ ጠባቂ፣ ስንጥቁን ለአለቃዬ የነገርኩት…»

መጀመሪያ አልገባትም። ሰነዱን ተመለሰችበት። ጥቁሩ መስመር እንደ ነበረ ነው። ደብዳቤው ላይ ግን ስሙ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። እንደገና ቀዳችው። እንደገና ለጠፈችው። ያው ነው።

ጥቁሩ ቀለም ስሙን አላጠፋውም። ላዩ ላይ ተኛ እንጂ፣ ፊደሉ ከሥሩ እንዳለ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ምስክር ሄደች፤ ወደ ሦስተኛው። የአሥራ ሁለቱም ስም አንድ በአንድ ወጣ። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ አሁንም ኩባንያው ውስጥ ይሠራሉ። አንዷ ምግብ አብሳይ ናት፤ አምስት ልጆች አሏት።

ደወሉ ሲደወል ካሱባ ደብዳቤውን ሳታስቀምጥ ዘጋችው። በሚቀጥለው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ስሟን ሁለት ጊዜ ቢጠሩም አልሰማችም። አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስባት ነበር። ማንም አያውቅም። ሰው ሁሉ ሉፑፓ ነው ብሏል። እሷ ዝም ብትል፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። የምግብ አብሳይዋ ነገር ግን አላስቀምጥ አላት።

ከትምህርት ቤት ወጥታ በቀጥታ ሲስተር ንጎሳ ቤት ሄደች። ሲስተር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ። ካሱባ ቆማ ተናገረች። ስትጀምር የተዘጋጀችበትን ሳይሆን የመጣላትን ነው ያወራችው። አሮጊቷ መፈልፈላቸውን አቁመው ሰሟት።

«ከዚህ በፊት ለማን ነገርሽ?» አሏት በመጨረሻ።

«ለማንም።»

«ተቀመጪ።»

«ልቁም።»

ሲስተር ንጎሳ የለውዙን ገለባ ከቀሚሳቸው አራገፉ። «ስሚኝ። አንቺ ልጅ ነሽ። እሑድ የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው እላለሁ። ሉፑፓም ነፃ ይወጣል። የትኛው ኮምፒውተር፣ ማን ነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ካሱባ ይህን አልጠበቀችም። ቀለል አላት፤ ያም አሳፈራት። «ስሞቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው» አለች። «መጀመሪያ ሰነዱን ከድረ ገጹ እናስወርድ።»

ሁለቱ ተያይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሱ። መምህሩ ክፍሉን ከፈቱላቸውና ውጭ ቆመው ጠበቁ። ካሱባ በዚህኛው ጊዜ ምንም ነገር በቀለም አልሸፈነችም። ስሞቹን ከሥራቸው ሰርዛ በምትካቸው «ምስክር አንድ»፣ «ምስክር ሁለት» እያለች ጻፈች። ማውጫውን ፈተሸች፤ የገጹን ቁጥር አስተካከለች። ከዚያ ሰነዱን በሙሉ ቀድታ ባዶ ገጽ ላይ ለጠፈችና ስሞቹን አንድ በአንድ ፈለገች። አንድም አልተገኘም። ሲስተር ንጎሳም መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አስፈለጓት።

አሮጌው ሰነድ እንዲተካ የሚጠይቀው ቅጽ አንድ ክፍት ቦታ ነበረው፤ «የመተካቱ ምክንያት» ይላል።

«የቴክኒክ ችግር በዪ» አሉ ሲስተር።

ካሱባ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አኑራ ቆየች። ከዚያ ጻፈች። «የምስክሮቹ ስም ስላልተሰረዘ። ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ለምስክሮቹ አደጋ ስላለው ዛሬውኑ ይውረድልን።»

ሲስተር ንጎሳ ጎንበስ ብለው አነበቡት። «ከሥሩ ጨምሪበት» አሉ። «አጣርቻለሁ ብላ የፈረመችው ንጎሳ ናት በዪ። እኔም አይቼ አላየሁም።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሮጌው ሰነድ ከድረ ገጹ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ቀድቶ እንደወሰደው ግን ሊነግራቸው የቻለ አልነበረም። ምግብ አብሳይዋ በዚያው ቀን ኩባንያው ቢሮ ተጠርታ ነበር፤ ምን እንዳሏት ለማንም ሳትናገር ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ሲስተር ንጎሳ ወደ ባ ሉፑፓ ዘንድ ብቻቸውን ሄደው፣ ሲመለሱ «ሰምቶኛል» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ካሱባ እናቷ ሳታያት ወጣች። የምዊላ ቤት በር ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ፍራሾቹ ተጭነዋል፤ ድስቶቹ በአንሶላ ተቋጥረዋል። ምዊላ ጠረጴዛ እየጎተተች ስትወጣ ካሱባን አየቻት።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ። ሌላውን ጫፍ ያዢልኝ» አለች።

ካሱባ ያዘች። ጠረጴዛውን እስከ መኪናው ወሰዱት። ሹፌሩ ተቀብሎ ሲያወጣው ሁለቱ አቧራ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?»

«አክስቴ ጋ፣ ገጠር። እዚያ ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የሚያበቃው።» ምዊላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ያ ሽማግሌ ይደሰት እንግዲህ።»

«እሱ አይደለም» አለች ካሱባ።

ምዊላ ቀና አለች።

«ባ ሉፑፓ አይደለም። እኔ ነኝ። ጥቁሩ መስመር ስሙን አላጠፋውም ነበር። ከሥሩ መቅዳት ይቻል ነበር። ሐሙስ ነው ያወቅሁት። እርግጠኛ ነሽ ስትዪኝ አልፈተንኩትም።»

ሹፌሩ ገመድ እየሳበ ነበር። ምዊላ የካሱባን ፊት አላየችም፤ መሬት መሬት ነበር የምታየው።

«ሐሙስ» አለች። «ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«ሲስተር ንጎሳ ትናንት መጥተው ነበር። ኮምፒውተሩ ነው አሉ። አላመንኳቸውም።»

«እንዲህ እንደሚሉ ነግረውኝ ነበር።»

ምዊላ ከንፈሯን ነከሰች። ካሱባ እንድትመታት ፈለገች፤ ወይም እንድትሰድባት። ምዊላ ግን ሁለቱንም አላደረገችም። ወደ ቤቱ ዞራ ክፍቱን በር ተመለከተች። ውስጥ ባ ካንግዋ አንዷ የቀረች ወንበር ላይ ተቀምጠው የመስኮቱን መጋረጃ ከሽቦው ላይ እያወለቁ ያጥፋሉ።

«ለኔ ነገርሽኝ» አለች ምዊላ። «ለአባቴም ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም።»

ይህን ብላ መኪናው ላይ ወጣችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ካሱባ ወደ መንገዱ አየች። ክፍት ነው፤ ሄዳ ብትቀር የሚይዛት አልነበረም። ከዚያ ጫማዋን ደፉ ላይ አውልቃ ወደ ባዶው ክፍል ገባች።

«ባ ካንግዋ» አለች። «አንድ ጊዜ ይስሙኝ።»