አዙማ የሚባል ሰው የለም

ቺዙሩ በሩ ሥር ተንበርክካ የእንግዶችን ነጠላ ጫማዎች እያገጣጠመች ነበር። ሁለት ግራዎች አንድ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አንዱን አንስታ ቀኙን ስትፈልግ፣ ውሃ የጠጣ የሥራ ጫማ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ይቅርታ... ክፍል ይገኛል?»

ቀና ብላ አየችው። ፀሐይ ያጠቆረው ረጅም ወጣት ነው። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ገመድ ተሸክመው ነው ማደሪያ የሚፈልጉት?» አለች ሳታስበው። ወዲያው በራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«የሥራዬ ነው። የፎቅ መስታወት ነው የማጸዳው» አለ። ከዚያ አመነታና ቀስ ብሎ ጨመረ፤ «እና... አፍዎ ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው።»

እውነትም ነበር። ቺዙሩ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

መዝገቡን ሰጠችው። የቤተሰቡን ስም በአንዲት ፊደል ጻፈ፤ «ምሥራቅ» በምትለው ፊደል። ከሥሯ የራሱን ስም፣ ሶሄይን አስከተለ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ሂጋሺ» አለች አንብባ።

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ሰውየው የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፈት አደረገና ተወው።

«አዎ» አለ። «ሂጋሺ።»

ያቺን ዝምታ ቺዙሩ ያን ጊዜ ልብ አላለቻትም። በኋላ ግን ስንቴ እየተመለሰች አሰበቻት!

ጹባሜ ማደሪያ ኦሳካ ውስጥ፣ ከኢማሚያ ጣቢያ ጀርባ ያለ አሮጌ ባለ ስድስት ፎቅ ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ እግር ሲዘረጋ በሩን ይነካል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ኩሽና ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። የማደሪያው ባለቤት እትዬ ኪኑ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ገና አላረጀም። ቺዙሩ እንግዳ መቀበል ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። ጧት መዝገብና ስልክ፣ ከሰዓት ደግሞ ጣሪያው ላይ አንሶላ ማስጣት ነው ሥራዋ።

ፍቅሩም የመጣው በአንሶላው በኩል ነው።

«ዛሬ አየሁዎት» አላት ሶሄይ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቁልፉን ሲቀበል።

«የት?»

«ከሰላሳኛው ፎቅ። ያ ረጅሙ ሕንፃ ላይ ነበርኩ። ጣሪያው ላይ አንሶላ ሲሰቅሉ ይታያሉ። የጥፍር ያህል ሆነው።»

«እኔ መሆኔን በምን አወቁ?»

«አንዱ አንሶላ በንፋስ ራስዎ ላይ ሲጠመጠም አየሁ። ያኔ አወቅኩ።»

ቺዙሩ ሳቀች። ለእንግዳ የምትስቀው ዓይነት ሳቅ አልነበረም።

በማግስቱ ቢጫ ፎጣ ከዳር ሰቀለች። ብቻውን፣ ከነጮቹ ለይታ። ማታ ሲገባ ምንም አልጠየቀችውም፤ እሱ ግን በሩን ከመዝጋቱ «ቢጫ!» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቢጫው ፎጣ በየቀኑ ወጣ። «እርስዎ» የሚለው ቃል መቼ «አንቺ» እና «አንተ» እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አሏት እትዬ ኪኑ፣ «ያ ፎጣ ሳይታጠብ ነው እንዴ በየቀኑ የሚሰጣው?»

«እ... ቶሎ አይደርቅም፣ እትዬ ኪኑ።»

«አይደርቅም! አሁንስ እሳት ሊይዘው ነው።»

ሶሄይ ስለ ቤተሰቡ ግን ብዙ አያወራም። አባቱ ከኦሳካ ራቅ ባለው ቶቶሪ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ወደብ ዓሣ አጥማጅ እንደሆነ፣ እንደተጣሉ፣ ከቤት ሲወጣ የስልክ ቁጥሩን እንደቀየረ፣ ያን ብቻ ነገራት።

«ማንም የት እንዳለህ አያውቅም?»

«ለእህቴ ፖስታ ካርድ ልኬላታለሁ። ኢማሚያ ጣቢያ ጀርባ ርካሽ ማደሪያ ውስጥ ነኝ፣ ደህና ነኝ ብዬ።»

«ኢማሚያ ጀርባ ያለው ማደሪያ መቼ ተቆጥሮ ያልቃል?»

«ለዚያ ነው እንደዚያ የጻፍኩት» አለ። ሳይስቅ ነበር ያለው።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ሐሙስ ጧት፣ አሥራ አንድ እንግዶች ባንድ ጊዜ ቁልፍ ሊመልሱ ተሰለፉ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ እያፈሰሰ ኮሪደሩን አጥለቅልቆታል። እትዬ ኪኑ መወልወያ ይዘው ይጮኻሉ። ስልኩ ጠራ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጹባሜ ማደሪያ።»

«ይቅርታ... አዙማ የሚባል ሰው እናንተ ጋ አርፎ ይሆን?»

የሴት ድምፅ ነው። ብዙ ቦታ ጠይቆ የደከመ ድምፅ። ቺዙሩ እጀታውን በትከሻዋ ይዛ ጣቷን በመዝገቡ ላይ ቁልቁል አስኬደችው። ታካጊ፣ ሂጋሺ፣ ኖሴ፣ ሺማ...

«አዙማ የሚባል ሰው የለም።»

«እባክዎ አንድ ጊዜ! የራሱ ስም ደግሞ...»

«ይቅርታ፣ የለም።»

ዘጋችው። ወደ ውሃው ሮጠች።

ያን ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቢጫውን ፎጣ ሰቀለች። ሰላሳኛው ፎቅ ላይ የጉንዳን ያህል የሆነ ሰው እጁን አወዛወዘ፤ እሷም በሁለት እጆቿ መለሰች። ደስ ብሏት ነበር። በኋላ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት ይህንኑ ነው፤ ያን ቀን ከሰዓት ደስ ብሏት መዋሏን።

በሚቀጥለው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ገባች። በእጇ ፎቶግራፍ ይዛለች።

«አዙማ የሚባል ሰው እፈልጋለሁ። ወንድሜ ነው።»

«አዙማ የሚባል...» አለች ቺዙሩ። ድምፁን አወቀችው። የሐሙሱ ስልክ ነው።

«ሰው በስሙ ይሳሳታል» አለች ሴትዮዋ። «እንዲህ ነው የሚጻፈው።» መዳፏን ዘርግታ በጣቷ ጻፈችበት። «ምሥራቅ የሚለው ፊደል ነው። ሁለት ንባብ አለው፤ ሰው ሁሉ ሂጋሺ ብሎ ያነበዋል። እኛ ግን አዙማ ነን።»

ቺዙሩ መዳፉን አየች። ቀጥሎ ፎቶግራፉን አየች። ጀልባ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሰውና፣ አጠገቡ እየሳቀ ያለ ሶሄይ።

በሩ ተከፈተ። ሶሄይ ገመዱን እንደተሸከመ ቆመ። የእህቱን ጥቁር ልብስ አየ።

«ካናዬ... ማን ነው?»

«አባባ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ ጧት።»

«ለምን አልነገርሽኝም!»

«የት ብዬ?» ጮኸች ካናዬ። «የት ብዬ፣ ሶሄይ? ሐሙስ ከጧት እስከ ማታ አርባ ስድስት ማደሪያ ደወልኩ! ሁሉም የለም አሉኝ። አባባ ዓይኑን በገለጠ ቁጥር ተገኘ ወይ ይላል። እየፈለግን ነው እለዋለሁ...»

ሶሄይ ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቺዙሩ የመቀበያውን ጠርዝ ጨብጣ ቆማለች። እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ጥቂት ልብስ ብቻ ይዞ ሊወጣ ሲል ወደ እሷ ዞረ።

«ክፍሌን አትልቀቂብኝ። ፎጣውንም... አትርሺው።»

«እሺ» አለች። እሺ ብቻ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢጫው ፎጣ አልተሰቀለም። ሁለት ፖስታ ካርዶች መጡ፤ «እንዴት ነሽ?» ይላሉ። መልስ ልትጽፍ እየተቀመጠች «ውድ ሶሄይ» ከሚለው አላለፈችም። አሁን የእያንዳንዱን ደዋይ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ሳይቀር።

«ምን ነካሽ?» አሏት እትዬ ኪኑ አንድ ጧት። «አትክልት ሻጩን ስሙን ፊደል በፊደል ስታስቆጥሪው ነበር እኮ።»

ያኔ ሁሉን ነገረቻቸው። እትዬ ኪኑ መወልወያቸውን አስደግፈው ሰሟት።

«ፊደሉ ነው ያሳሳተሽ። ማንም ይሳሳታል።»

«ፊደሉ ይሁን። ግን የራሱን ስም ልትነግረኝ ነበር። ሳልሰማት ዘጋሁባት፣ እትዬ ኪኑ። አንድ ቃል ብታገሣት ኖሮ...»

እትዬ ኪኑ መወልወያቸውን መልሰው አነሱ።

«እንግዲያው ለእኔ ምን አስነገረሽ?» አሉ። «ለእሱ ንገሪው።»

ሶሄይ የተመለሰው፣ በአገራቸው ወግ ለሟች የሚታሰበው የአባቱ አርባ ዘጠነኛ ቀን በታሰበ በማግስቱ ነው። ከስቷል። ቺዙሩ ቁልፉን ሰጥታው አንሶላ ልቆጥር ብላ ጣሪያ ላይ ወጣች። ተከትሏት መጣ።

«ቺዙሩ፣ ለምን ትሸሺኛለሽ? ካርዶቹ አልደረሱሽም?»

«ደርሰውኛል።»

«ስሜን ስለደበቅኩሽ ነው አይደል? ውሸታም ነው ብለሽ ነው። እውነትሽን ነው...»

«አይደለም! ተው፣ አንተ ይቅርታ አትጠይቀኝ!» አለች። በእጇ ያለው አንሶላ ተጨማደደ። «ሐሙስ ዕለት እህትህ እዚህ ደውላ ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። አዙማ የሚባል ሰው የለም ያልኳት እኔ ነኝ። የራሱ ስም ደግሞ ስትለኝ... ዘጋሁባት።»

በሥር ባቡር አለፈ።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አለ ሶሄይ።

«ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«የአምስት ሰዓቱን ባቡር እደርስበት ነበር» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ማታ ከአጠገቡ እሆን ነበር። ሐሙስ ማታ... ዓርብ ሙሉ ቀን...»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን እጄን አወዛውዤልሻለሁ፣ ቺዙሩ።»

«አውቃለሁ» አለች። እንባዋን አልጠረገችም።

ጥሏት ወረደ።

ሦስት ቀን አላናገራትም። ጧት ቁልፉን መቀበያው ላይ ያስቀምጣል፤ ማታ ያነሳል። ቺዙሩም ይቅር በለኝ ብላ አልለመነችውም። መለመን ሸክሙን ወደ እሱ ማዞር መሰላት።

በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እያለከለከ ገባ።

«ፎጣው የታለ?»

«ምን?»

«ቢጫው ፎጣ! ሦስት ቀን ሙሉ ከላይ ሆኜ አየሁ። አንሶላ ብቻ ነው ያለው።»

«መስቀል... የሚገባኝ አልመሰለኝም።»

ሶሄይ ራስ ቁሩን አውልቆ መቀበያው ላይ አስቀመጠ። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ልጠላሽ ሞከርኩ» አለ። «መስታወት ሳጸዳ ደግሞ ፊት ለፊቴ የማየው የራሴን ፊት ነው። ስሚኝ። ከቤት ስወጣ አባቴ በጀልባዬ ላይ እንዳላይህ አለኝ። እኔም ስምህን አልፈልገውም አልኩት። ለአባቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ነው። ከዚያ እዚህ መጣሁ፣ አንቺም ሂጋሺ አልሽኝ... ደስ አለኝ። ከላዬ ላይ የወረደልኝ መሰለኝ። ያኔ አንድ ቃል፣ አዙማ ነኝ ብልሽ ኖሮ...»

ሶሄይ ራስ ቁሩን በጣቱ አዞረው።

«አንቺ አንድ ቃል አልሰማሽም። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። የትኛው እንደሚብስ ሦስት ቀን አሰብኩ። አላወቅኩም።»

«የእኔን ጥፋት በአንተ አላቃልለውም፣ ሶሄይ።»

«እኔም የእኔን በአንቺ። ግን ብቻዬን ልሸከመው አልችልም። አንቺም አትችይም፤ ከስተሻል።»

እጇን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ቺዙሩ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፤ ጣቶቹን አጥብቃ ያዘች።

«ካናዬ ግን አታውቅም» አለ ቆይቶ። «አርባ ስድስቱንም እየረገመች ነው።»

«ቁጥሯን ንገረኝ።»

«እኔ ልንገራት እችላለሁ።»

«ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የምደውለውም እኔ ነኝ።»

ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገራት። ጣቷ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በሦስተኛው ጠራ።

«አቤት?»

«እኔ... ጹባሜ ማደሪያ ነው የምደውለው። ቺዙሩ እባላለሁ። ያን ሐሙስ ሲደውሉ አዙማ የሚባል ሰው የለም ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

በወዲያኛው በኩል የባሕር ወፎች ድምፅ ይሰማል።

«የራሱን ስም ልነግርዎት ነበር» አለች ካናዬ በመጨረሻ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

«አዎ። ሳልሰማ ዘጋሁት። እንግዳ በዝቶ ነበር፣ ውሃ ፈሶ ነበር... ምክንያት አይሆንም። ወንድምዎ ያን ሰዓት እዚሁ ነዋሪ ነበር። በእኔ ምክንያት ነው ያልደረሰው። ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም... ማወቅ ስላለብዎት ነው።»

ካናዬ ማልቀስ ጀመረች። ቺዙሩ እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጠበቀች። አንድ እንግዳ ቁልፍ ሊመልስ መጥቶ ቆመ፤ እትዬ ኪኑ ከኋላ ብቅ ብለው በክንዱ ጎትተው ወሰዱት። ቺዙሩ ጠበቀች። ይህን ስልክ ቀኑን ሙሉም ቢሆን አትዘጋውም።

«አርባ ስድስት ቦታ ነው የደወልኩት» አለች ካናዬ አፍንጫዋን እየሳበች። «መልሶ የደወለልኝ ማንም የለም።»

ቀጥላ ቀስ ብላ፣ «እርስዎ» ማለቱን ትታ፣

«እንግዲህ እንደገና ልጠይቅሽ» አለች። «አዙማ ሶሄይ የሚባል ሰው እናንተ ጋ አለ?»

ቺዙሩ ፊቷ የቆመውን ሰው አየችው። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«አለ» አለች። «እዚህ አለ።»

«ለመቶኛው ቀን መታሰቢያ እንዲመጣ ንገሪው። ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፤ ገና ነኝ። ግን... አንቺም ነይ። አባባ መቃብር ፊት ቁሚና ራስሽ ንገሪው።»

«እመጣለሁ።»

እጀታውን ያስቀመጠችው ካናዬ ከዘጋች በኋላ ነው። ሶሄይ ራስ ቁሩን አነሳ፤ የምሳ ሰዓቱ አልቋል።

«ስንት ሰዓት ላይ ልይ?» አለ ከበሩ።

«አሁን ሂድ። ከአንተ በፊት ነው የምሰቅለው» አለችው።

ሲወጣ መዝገቡን ሳበች። ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጣ ያቺን አንዲት ፊደል አገኘቻት። እስክሪብቶ አንስታ ከፊደሏ በላይ፣ በደቃቁ፣ ማንም ሰው እንዳይሳሳት አድርጋ አነባበቧን ጻፈች፤ አዙማ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት። መዝገቡን ዘግታ መደርደሪያው ላይ መለሰችውና፣ ቢጫውን ፎጣ ይዛ ደረጃውን ወጣች።