ወሬ ከነነጋሪው

ሬሳውን ያገኙት በማለዳ ጥጥ ለቀማ የወጡ ሴቶች ናቸው። ከአዋሽ በተጠለፈው ቦይ ውስጥ በደረቱ ተንሳፏል። ማጅራቱ ተፈርክሷል።

ሃምሳ አለቃ ጌጡ ገልብጦ ሲያየው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሬሳ ብርቅ ሆኖበት አይደለም፤ በደርግ ዘመን ሬሳ አይቶ የሚደነግጥ ፖሊስ ዱብቲም አልነበረም። ሟቹን ስለሚያውቀው ነው። ቢሰጥ ይባላል፤ አሜሪካ ተምሮ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ለሀገሬ ብሎ የተመለሰ አጥኚ። የለቃሚዎቹ ልጆች ለምን እንደሚያልቁ ከጎጆ ጎጆ እየዞረ ሲጠይቅ ሰንብቷል።

የጥጥ እርሻው ካድሬ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ መጣ።

«ገዳዩ ታውቋል» አለ። «ጣሃ የሚባል አፋር ነው። ግመሎቼ ከቦያችሁ ጠጥተው ሞቱ እያለ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሁሉ አይቶታል። ነገ ጠዋት አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል።»

«ሳይመረመር፣ ጓድ?»

«እስከ ነገ መርምር፤ ማን ከለከለህ?»

ጣሃ እስር ቤቱ ግድግዳ ስር ተቀምጧል። አልለመነም፤ አላለቀሰም።

«ተጣልተናል» አለ። «የእርሻው ሰው መስሎኝ ነበር። ኋላ ታረቅን። ውሃው መርዝ አለበት ያለኝ እሱ ነው።»

ነገሩ እውነት ነበር። የተባይ መርዝ የመጣበት በርሜል ቦዩ ላይ ይለቀለቅና ባዶው ለሠራተኛው የውሃ መያዣ ይታደላል። ጌጡ ሄዶ ይህን በዓይኑ ሲያይ መጀመሪያ የጠረጠረው በርሜሉን የሚያድለውን የመጋዘን ኃላፊ ነው። ሰውዬው ግን ወባ ጥሎት ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቷል፤ ነርሶቹ መሰከሩ።

ከቀትር በኋላ የሟቹ ባልደረባ ዶክተር በለጠ በላንድሮቨር ከተፍ አለ። ሁለቱ አሜሪካም አብረው ተምረዋል፤ እዚህም አብረው ያጠኑ ነበር። በለጠ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ትናንት በጠዋት ወደ ገዋኔ ከተማ ሄዶ እዚያው እንዳደረ፣ ሞቱንም ዛሬ ረፋድ ላይ ከሹፌሮች እንደሰማ ተናገረ።

ጌጡ አመነው። ደግሞም አዘነለት።

ከእስር ቤቱ ደጅ የጣሃ ዘመዶች ዛፍ ስር ተሰብስበዋል። ሙሐመድሰዒድ የሚባሉት ሽማግሌ ተነስተው ወደ ጌጡ መጡ።

«ልጃችን አልገደለም። ገደለ የሚለው ወሬ ትናንት ፀሐይ ሳትገባ ሲደርሰን፣ ጣሃ ከኛ ጋር ጥላ ስር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልተለየንም።»

ጌጡ ደነገጠ። «ትናንት? አባባ፣ ሬሳው እኮ የተገኘው ዛሬ ነው! ከማን ሰሙ?»

«ከናስር።»

ናስር የግመል ነጂ ነው፤ እዚያው ነበር።

«እኔ የሰማሁት ከባለ ላንድሮቨሩ ነው» አለ። «ቀትር ካለፈ በኋላ፣ የገዋኔ መንገድ ላይ። መኪናውን አቁሞ ወረደና በቋንቋችን ዳጉ አለኝ። ተቀመጥን። ጣሃ የተማረውን ሰውዬ ገደለው አለኝ። አይተሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሰማሁ አለ።»

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይሸሽግ ይለዋወጣል፤ ዳጉ የሚሉት ይህን ነው። ጌጡ ናስርን አስከትሎ በለጠ ፊት አቆመው።

«ዶክተር፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

በለጠ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን ሳቀ። «የዘላን አሉባልታ ነው ማስረጃህ? እኔ እኮ ዳጉን አጥንቼዋለሁ።»

«ማጥናቱንስ አጥንተኸዋል» አለ ጌጡ። «እርስዎ» ማለቱ ድንገት ቀፈፈው። «በአንድ ቀን ሸለቆውን እንደሚያዳርስ አውቀህ፣ አፋሮቹ ራሳቸው ጣሃ ገደለ እንዲሉልህ ፈልገህ ነው። ግን ዳጉ ከነነጋሪው ነው የሚሄደው። የት ሰማህ፣ ከማን ሰማህ ሳይባል አይታለፍም። አሁን ንገረኝ፤ ሬሳው ሳይገኝ መሞቱን ማን ነገረህ?»

በለጠ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ተናገረ፤ ሲናገር ጸጸት እንኳ አልነበረበትም።

አሜሪካ ሳሉ በእርሳስ ማቅለጫ ፋብሪካ ጥግ የሚኖሩ ድሃ ጥቁሮችን አጥንተው ነበር። እናቶቹ ሁሉ ጭሱ ነው ልጆቻችንን የሚያሳምመው ብለዋል። በለጠ የእነሱን ቃል ጥሎ የእናቶቹ ንዝህላልነት ነው ብሎ ጻፈ። የከተማው ሹማምንት ወደዱለት፤ ፋብሪካው ሳይነካ ቀረ፤ እሱም ዶክተር ተባለ። እዚህም ያንኑ ሊደግመው ነበር፤ የእርሻው አለቆች የጥናት ተቋም ኃላፊ ሊያደርጉት ቃል ገብተውለታል።

«ቢሰጥ ይህንንም ያንንም አጋልጣለሁ አለኝ» አለ። «ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ተኝቶ ነበር። ቦዩ ዳር ጎንበስ ሲል በመኪናው ክሪክ መታሁት። እስቲ አስበው፤ ለነዚህ ቆሻሾች ብሎ!»

ጌጡ ወጥቶ ምራቁን ተፋ።

ካድሬው አልተገረመም። «ጣሃን ልቀቀው፤ ዶክተሩንም አስረን ወደ በላይ አካል እንልከዋለን» አለ። «ሪፖርትህ ላይ ግን በሴት ተጣልተው ነው በል። በርሜል የሚል ቃል እንዳላይ!»

ጣሃ ሲፈታ አልሄደም። ዛፉ ስር ተቀመጠና ለጌጡም ቦታ ለቀቀለት።

«ዳጉ» አለው።

ጌጡ ግራ ቀኙን አይቶ ተቀመጠ። ስለ በርሜሉ፣ ስለሚሞቱት ልጆች፣ ስለ ቢሰጥ፣ ስለ በለጠ፣ ካድሬው ስላለው ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገረው።

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«በርሜሉን በዓይኔ አይቻለሁ። የግድያውን ከገዳዩ አፍ፣ የካድሬውን ከካድሬው አፍ ሰምቻለሁ።»

«ማን ነገረኝ ልበል?»

ጌጡ ወደ ካድሬው ቢሮ ዞሮ አየ። ስሙ ከወጣ ነገ እስር ቤቱ ግድግዳ ስር የሚቀመጠው እሱ ነው።

«ጌጡ በል» አለው። «የዱብቲው ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ ጌጡ።»