ሳይሞቅ የጮኸ ሞተር

«ቀስ በል! ጀት፣ ቀስ በል እንጂ!»

ልጅቷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ወንድሟ ግን አልሰማትም፤ ወይም ሰምቶ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። የሞተር ሳይክሉን እጀታ እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ የአሸዋ ማውጫውን ዳገት ሽቅብ ሲከንፍ፣ የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ቅድም «ይቺ የሽማግሌ ሞተር ዳገት ትወጣለች እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉበት የነበሩት ልጆች አሁን ከዳገቱ አናት ላይ ቆመው ያፏጫሉ። እሷ ግን ስለ ልጆቹ ምን ገዷት! ያልሞቀ ሞተር ነው። አዲስ ፒስተን ገብቶለት፣ ዛሬ ጠዋት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳ ሞተር ነው።

ድምፁ በድንገት ተቆረጠ። የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሞተር ሳይክሉ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደና ወንድሟን አቧራው ላይ ጣለው።

ሮጣ ስትደርስ ተነስቶ ቆሟል። ክርኑ ተልጦ ይደማል። ማስነሻውን በእግሩ ረገጠው፤ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ረገጠው። ግድግዳ የመርገጥ ያህል ነበር።

«ነክሷል» አለች።

«ዝም በይ።»

«ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል እኮ ነው የምልህ! ሳይሞቅ እንደዚህ ይነዳል?»

«ዝም በይ አልኩሽ፣ ሽቦ!»

ሽቦ ያሏት ከቅጥነቷ የተነሳ ነው። እሱን ደግሞ የሰፈር ልጆች ጀት ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሁለቱም ያደጉት አባታቸው የቤቱን የፊት ክፍል አፍርሶ በሠራው ጋራዥ ውስጥ፣ ቡሎን በቤንዚን እያጠቡ ነው። አባታቸው ከሁሉም ሞተር አብልጦ የሚወደው ይሄን ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚጠጣውን፣ ቀላልና ቁጡ የሆነውን ዓይነት ነበር። «አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር እንደ አዲስ ሙሽሮች ናቸው» ይላል ሁልጊዜ። «ቀስ ብለው ካልተላመዱ መናከስ ነው።»

ዛሬ ጠዋትም ያንኑ ለጀት ነግሮት ነበር። አስነሳው፤ ቆሞ ይሙቅ፤ አጥፋውና በደንብ ይብረድ። እንደዚያ ደጋግመህ ስታበቃ ቀስ ብለህ ትነዳዋለህ፤ ዳገት አታሳየውም። ከዚያ ወደኔ ታመጣውና የቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቡሎኖች መልሰን እናጠብቃለን፤ እሳት የሚያነሳውን ካንዴላም አውጥተን መልኩን እናያለን። ጀት እሺ፣ እሺ እያለ ራሱን ነቀነቀ። እሁድ የሞተር ውድድር ክለብ አሠልጣኝ ሲነዳ ሊያየው ቀጥሮታል፤ ልቡ እዚያ ነበር።

ሞተሩን ተጋግዘው እየገፉ ወደ ቤት ተመለሱ። ሰፈር ሊገቡ ሲሉ ጀት ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስሚ። ቀስ ብዬ እየነዳሁ በራሱ ጊዜ ቆመ። እሺ?»

ሽቦ ሞተሩን ደግፋ የሚደማ ክርኑን አየች።

«ሽቦዬ፣ ሙት በይኝ። ካወቀ ሁለተኛ ሞተር አያስነካኝም። አሠልጣኙም ቢሆን… በቃ አለቀልኝ ማለት ነው።»

ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለች። ወንድሟ ነው፤ ክርኑም ገና ይደማል።

አባታቸው በራፉ ላይ ሆኖ ሲገፉ አያቸው። የመፍቻ ቁልፎቹን አቀረበ። ቴስታታውን ፈታ፤ ሲሊንደሩን በጎማ መዶሻ እያባበለ አላቀቀውና ፒስተኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ፒስተኑም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው አምና ነው። ሐኪሙ በመድኃኒት ይዘገያል እንጂ አይመለስም ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሸሹት። ይሄን ፒስተን ሲያስገባ ግን ማንንም አላስነካም። ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ብረት ዳርና ዳር የምትቆልፍ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቀጭን ቀለበት አለች። ቀለበቷን ቦታዋ ላይ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ትወድቅበታለች፤ ሽቦ ከጠረጴዛው ሥር ፈልጋ ታነሳለች፤ «እኔ ላስገባት?» ትላለች፤ «ተይ፣ ይቺን እኔው ነኝ የማስገባት» ይላታል። በመጨረሻ ቀጭ ብላ ስትገባለት እንደ ሕፃን ሳቀ። «ገና አልሞትኩም!» ብሎ ጉንጯን በዘይት እጁ ቆነጠጣት።

አሁን አይስቅም። አውራ ጣቱን በፒስተኑ ዙሪያ አስኬደ።

«አራቱም ጎኑ ተፍቋል» አለ። «ሲሊንደሩም አብሮ ሄዷል። ይሄ ከእንግዲህ አይሠራም።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «እንዳልኩህ አሙቀኸው ነበር አይደል?»

«አዎ፣ አባዬ። እንዳልከኝ ነው ያደረግኩት።»

«ቀስ ብለህ ነዳኸው?»

«ቀስ ብዬ።»

አባትየው መለኪያውን ከጠረጴዛው አነሳ። «እንግዲያው ፒስተኑ ለሲሊንደሩ ጠብቦት ነው። ልኬቱን ተሳስቻለሁ። መለኪያው ራሱ እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ምኑን ይለካል?»

ሽቦ ወንድሟን አየችው። ግድግዳ ያያል።

«አንተ ምንም ጥፋት የለብህም» አለው አባቱ። «ቁልቁለት ላይ ሆነህ ጎማው እንደዚያ ቢቆምብህ ኖሮስ? ልጄን በገዛ እጄ ገድዬው ነበር።» ፒስተኑን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ባዶ ሣጥን ከጥግ ጎተተ። «በቃኝ። ታች ያለው መጋዘን ዘበኛ ሁነን ብሎኝ ነበር፤ ነገ ጠዋት ደውዬ እሺ እላለሁ።»

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መክተት ጀመረ። ሽቦ ወንድሟን በእጅጌው ጎትታ ወደ ጓሮ አወጣችው።

«ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

«ያደረግከውን! ሊገድለኝ ነበር ብሎ እኮ ነው የሚያስበው። አልሰማህም?»

«ብነግረው እጁ ይድናል?» ጀት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ንገሪኝ እስቲ። ይድናል? ዛሬ ባይሆን ነገ አንድ ነገር ማበላሸቱ አይቀርም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሞተሩም አይነሳም፤ እሁድም ቀርቷል። ቢያንስ እኔን እንዳይጠላኝ ተይኝ።»

ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ቆሽቷን ያሳረረውም ይኸው ነው። ዞራ ወደ ጋራዡ ገባች፤ ከኋላዋ እግሩን እየጎተተ ሲከተላት ሰማች።

«አባዬ» አለች። «ልኬቱ ልክ ነበር። ሳይሞቅ ነው የነዳው። ዳገቱን እስከ መጨረሻ ነዳጅ ሰጥቶት ነው የወጣው፤ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።»

የአባቷ እጅ ሣጥኑ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ ልጁን አየው። በዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ ሲል ሽቦ አየች፤ ደስታ አይሉት ቁጣ።

«እውነት ነው?»

እዚህች ላይ ጀት አዎ ቢል ኖሮ! ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ልቡም የፈለገ ይመስል ነበር። ግን ዓይኑን በጨው አጠበ።

«ትዋሻለች» አለ። «ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።»

ብልጭ ያለው ነገር ጠፋ። አባትየው ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ያ ፈገግታ ከጥፊ ይብሳል።

«ሽቦዬ፣ ገብቶኛል። አዝነሽልኝ ነው» አላት። «ግን እኔን ለማጽናናት ብለሽ ወንድምሽ ላይ አትዋሺ። እኔ ነገ ብሄድ የምትቀሩት ሁለታችሁ ናችሁ።»

«አባዬ፣ እውነቴን…»

«በቃ፣ ልጄ። ተዪው።»

ጀት ወጥቶ ሄደ። በሩ ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው። አባቷ መለኪያውን በጨርቅ ሊጠቀልል ይታገላል፤ ጨርቁ ከጣቱ እያመለጠ ይዘረጋበታል። ልትረዳው ፈለገች፤ ግን አሁን ብትረዳው «አዎ፣ አልቻልክም» ማለት መሰላት።

ከሣጥኑ ማዶ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ማን ምን እንደሚላት፣ ጀትስ ከዛሬ ወዲያ ያናግራት እንደሆነ አታውቅም። ምናልባት ላያናግራት ይችላል። አባቷም ነገ ስልኩን ያነሳል።

እንግዲያው ከማንሳቱ በፊት ቀድማው ትነሳለች። ያንኑ ቃል ደግማ ትነግረዋለች። አላምንሽም ካላት፣ መጋዘኑ በር ድረስ ሄዳም ትነግረዋለች።