መርዶው በገባበት ምሽት

እኔ ሰው «ሙት አየሁ፣ ቤት ውስጥ ኮቴ ሰማሁ» ሲለኝ «ስንት ቀን ደብል ሺፍት ሠራህ?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ፣ ልጅ ሆነን ዝዋይ እያለን እንኳ ሐይቁ ዳር ሰይጣን አለ ተብሎ ሌሎቹ ሲሮጡ እኔ ቆሜ ድንጋይ እወረውር ነበር፣ እመኑኝ፣ ይሄን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ፊቱ ላይ ባልስቅበት እንኳ ቤቴ ገብቼ እስቅበት ነበር። ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ያሬድ የሞተው በጥር ነው። እዚህ ሰው አገር፣ ብሩክሊን ፓርክ ካለ አንድ መጋዘን የሌሊት ሥራውን ጨርሶ መጣ፣ በረዶ የያዘ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ተኛ፣ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉን። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። አስከሬኑን ወደ አገር ያልላክነው እማዬ በዚያው ሰሞን ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ስለነበር ነው፣ ደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ነበር፣ አጎታችን ጋሼ ወርቁ «አሁን ከሰማች ሁለት ሬሳ ነው የምናለቅሰው፣ ትንሽ ትጠንክርና በወጉ ያረዷታል» አለ፣ ሁሉም ተስማማ፣ እኔም ተስማማሁ። እዚሁ ቀበርነው። የእኛ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ መርዶ ሰዓት ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ እስከዚያ ዝም ነው።

ግን እማዬ እሑድ እሑድ የሁለታችንንም ድምፅ ካልሰማች አይሆንላትም። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ፊት አያሳይም። የመጀመሪያውን እሑድ «ያሬድ ሥራ ገብቷል» አልኳት፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው፣ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እንዴት ልበላችሁ፣ አላሰብኩበትም፣ «ቆይ መጣ፣ ራሱ ይደውልልሻል» አልኩና ዘጋሁ። ከዚያ በያሬድ ስልክ ደወልኩ። ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ እንደ እሱ መጀመሪያ ሳል ብዬ፣ እንደ እሱ ቀስ እያልኩ፣ «እማዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ምነው ጠፋህብኝ ልጄ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ወር ሙሉ፣ እሑድ እሑድ፣ መጀመሪያ እንደ ራሴ፣ ቀጥዬ እንደ እሱ። «ሺህ ዓመት ኑርልኝ፣ ክፉ አይንካብኝ» ትለዋለች፣ እኔ በእሱ ቦታ «አሜን» እላለሁ። ዘግቼ ስጨርስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ እከፍታለሁ።

ሰኔ ሲገባ አልቻልኩም፣ ለጋሼ ወርቁ ነገርኩት። ግንባሩን ያዘ።

«በሞተ ሰው ስም አሜን አልክ?» አለኝ።

«ምን ልበል ታዲያ፣ ጋሼ?»

«ስልኩን አጥፋው። ዛሬውኑ። በዚያ ስልክ ሁለተኛ እንዳትደውል ማልልኝ።»

ማልኩለት። ስልኩን አጥፍቼ ሮቢንስዴል ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እሱ ደግሞ ዝዋይ ላሉት ሽማግሌዎች ደወለ፣ ለቅዳሜ ንጋት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤቷ እንዲገቡ ተቀጠረ። በእኛ የዓርብ ምሽት ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው፣ እዚህ በሰኔ ገና ደንገዝገዝ ሲል።

ዓርብ ዕለት ዘመድ ሁሉ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ጋሼ ወርቁ ቤት ተሰብስቦ ዜናውን ይጠብቃል። እኔ ግን ሰው መሀል ተቀምጬ ሰዓት ማየት አቃተኝ። እማዬ በአንዴ ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያም በላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተርፋ «ታዲያ እሑድ እሑድ ማን ነበር ሲያናግረኝ የነበረው?» ብላ ትጠይቃለች ብዬ ፈራሁ። የያሬድን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መኪና ውስጥ ጫንኩና ወደ ብሩክሊን ፓርክ፣ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ድራይቭ አደረግሁ።

ስለ ዘንጉ ትንሽ ልንገራችሁ። ለእኛ ለዝዋይ ልጆች ዓሣ ማለት መረብ፣ ጀልባ፣ መጥበሻ ነው። ያሬድ እዚህ መጥቶ ሌላ ነገር ለመደ፣ በዝንብ ማጥመድ። መንጠቆው ላይ ትል የለም፣ ከላባና ከክር የተሠራች ዝንብ ናት፣ እሷ ክብደት ስለሌላት የሚወረወረው ገመዱ ነው፣ ወደ ኋላ ትልከዋለህ፣ አየር ላይ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ሽው፣ ዝም፣ ሽው። ዓሣውን ሲይዝ ደግሞ መንጠቆውን አውልቆ ይለቀዋል፣ በዚህ የቤተ ክርስቲያን ልጆች አላስቀምጥ አሉት፣ «ዛሬስ ስንት ዓሣ ባርከህ ሸኘህ?» ይሉታል። አንዴ እኔም ጠየቅሁት።

«ለምንድነው የምትለቀው?»

«ምን ላድርገው?»

«ስጠኝ፣ እኔ እበላዋለሁ።»

«አንተማ ዝንቧንም ትበላታለህ» አለኝ፣ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

በዚያ ምሽት የእሱን እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ ለበስኩ፣ ይሰፋኛል፣ ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ፀሐይ አልገባችም፣ ክንፋቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ትንንሽ ነፍሳት ከውሃው ይነሳሉ፣ ዓሦቹ ብቅ እያሉ ጎረስ ያደርጓቸዋል። ወረወርኩ። ገመዱ ከኋላዬ ቁጥቋጦ ላይ ተጠመጠመ። «ኤጭ» አልኩ።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ውሃው በዚህ በኩል ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በአማርኛ። ዳሩ ላይ በታጣፊ ወንበር የተቀመጡ፣ ባልዲ አጠገባቸው ያስቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጀማል እባላለሁ አሉኝ፣ አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፣ ባልዲያቸው ውስጥ ሦስት ዓሣ አለ።

«ይሄን አለንጋ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«የወንድሜ ነው፣ ጋሼ።»

«ዓሣውን ሊገርፈው ነው እንዴ? በል ትል ልስጥህ።»

«ይቅርብኝ፣ እሱ አይወድም።»

«የት አለ እሱስ?»

አሁን ድረስ ይሄን መልስ አስበዋለሁ። «ሞቷል» ማለት ነበረብኝ፣ ሰውዬው ባዳ ናቸው፣ ምንም የሚያስደብቅ ነገር አልነበረም። ግን አምስት ወር ሙሉ ስለ እሱ ስጠየቅ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ አፌ እሱን ለመደ። «መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» አልኳቸው።

ቁጥቋጦው ላይ የቀረችውን ዝንብ አውጥቼ ተመልሼ ገባሁ። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ወረደች። ሰዓት ላለማየት ብዬ ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ፣ ሽማግሌዎቹ አሁን ተነስተው ይሆናል፣ አሁን ጋቢያቸውን ደርበው ይሆናል እያልኩ እወረውራለሁ። ሽው፣ ሽው፣ ሽው። የእኔ አወራወር መሀሉ ላይ ዝምታ የለውም፣ እጄ መጠበቅ አያውቅም።

ከዚያ ሌላ ሰማሁ። ሽው። ዝም። ሽው።

መጀመሪያ የራሴ ገመድ ከዛፎቹ ጋር የሚያስተጋባ መሰለኝ፣ እጄን አቆምኩ፣ ዘንጉን ብብቴ ስር ያዝኩት። ሽው። ዝም። ሽው። ከእኔ ከፍ ብሎ፣ ውሃው ከሚመጣበት በኩል፣ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ቀጥሎ ያች ገመድ የሚጠቀለልባት ማሽን ድምፅ፣ ጠክ ጠክ ጠክ፣ ቀስ ብላ። ዞር ብዬ አየሁ፣ ሰው የለም። የሚታየው ውሃና ነፍሳት ነው።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም ድምፅ ድምፅ ነው፣ ጆሮ ይሳሳታል፣ ይሄን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰው ወራጅ ውሃ ውስጥ ሲቆም ውሃው እግሩ ጋ ደርሶ ይከፈላል፣ ከእግሩ በታች ሁለት መስመር እየሰፋ ይወርዳል፣ የእኔ እግሮች እንደዚያ ይሠሩ ነበር። ከእኔ በላይ፣ ድምፁ ከሚመጣበት፣ ውሃው እንዲሁ ተከፍሏል። ሁለት ቦታ፣ እንደ ሁለት እግር። ድንጋይ ይሆናል አልኩ፣ እመኑኝ፣ ድንጋይ ነው ብዬ ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ከዚያ ያ የተከፈለው ውሃ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ቆመ። ሽው፣ ዝም፣ ሽው። ሌላ እርምጃ።

አልሮጥኩም። የታች ድንጋዩ ያንሸራትታል። «ያሬድ» አልኩ መሰለኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ፍርሃቱ ውስጥ የሆነ ደስታ ነበር፣ ወደዚያ መሄድ አማረኝ፣ በእሱ በኩል ውሃው ጥቁርና ጥልቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አንድ እግሬን አነሳሁ።

«በል እኔ ልሂድ፣ መሸ» አሉ ጋሼ ጀማል ከዳር ሆነው። ወንበራቸውን አጥፈዋል፣ ባልዲያቸውን ይዘዋል። «ወንድምህም መጣልህ። እሱ ያውቅበታል፣ ከእሱ ተማር።»

ዞሬ አየኋቸው። እሳቸው እኔን አይደለም የሚያዩት፣ ከእኔ ከፍ ያለውን ቦታ እያዩ እጃቸውን ለሰላምታ አነሱ፣ ሄዱ። እኔ መልሼ ሳይ ውሃው ሜዳ ነው፣ ምንም አልከፈለውም፣ ድምፅም የለም፣ ያነሳሁት እግር ግን ገና አየር ላይ ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። መኪና ውስጥ ስገባ ስልኬ ላይ ጋሼ ወርቁ አራት ጊዜ ደውሏል። መለስኩለት።

«የት ገባህ አንተ?»

«ተረዳች ወይ? ምን ሆነች?»

«ደህና ናት» አለኝ፣ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። «ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነው አሉ። መሬት ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ‹ግቡ፣ እሱ ነግሮኛል› አለቻቸው። አንተ ደወልክላት እንዴ ሚኪ? ማልክልኝ እኮ።»

«አልደወልኩም።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ውሃ ውስጥ ነበርኩ፣ ጋሼ። የራሴም ስልክ መኪና ውስጥ ነበር።»

ከኋላው የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማኛል።

እማዬን እኔ ራሴ ያናገርኳት በሦስተኛው ቀን ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት፣ ሁለት ቃል እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«አንተ መሆንህን ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ ሚኪዬ። የልጄን ሳል እኔ አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? እሱን እንደሆነ አልመልሰው። አንተ ደግሞ ሁለት ሆነህ ትመጣልኝ ነበር።»

እዚያ ላይ ሁለታችንም አለቀስን፣ ብዙ አለቀስን፣ ያ ሁሉ የፈራሁት ነገር በአንድ ጊዜ ከላዬ ወረደ። ስንረጋጋ ግን እንዲህ አለችኝ። «የቅዳሜው አንተ አልነበርክም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለ። እሱ ነው።»

«ምን አለሽ?»

«ለእኔ ነው ያለኝ፣ ተወው።»

የያሬድ ስልክ እስከዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ብከፍተው የተደወለ ነገር መኖር አለመኖሩን ያሳየኛል። አልከፈትኩትም፣ ቢኖርም ባይኖርም ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አሁንም እሑድ እሑድ እደውላለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እማዬ ከሚጠበቀው በላይ ጠንክራለች፣ ትበላለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች። ባለፈው እሑድ ስለ ዝናቡ እያወራችኝ ሳለ በመሀል አቋርጣ «ውሃ ጋ ትሄዳለህ እንዴ?» አለችኝ። ስለ ወንዙ እኔም ያሬድም ነግረናት አናውቅም።

«የምን ውሃ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። አትሂድ ብቻ። ክረምቱ እስኪወጣ እንኳ አትሂድ።»

«ለምን፣ እማዬ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ብቻዬን ነኝ ብሎኛል» አለችኝ፣ ከዚያ ስለ ግፊት መድኃኒቷ ማውራት ጀመረች።